ኩራዙ ያልጠፋበት ጉድጓድ

ዒምራን ከገዛ ማሽላ ጉድጓዱ በገመድ ተጎትቶ ሲወጣ ነፍሱ አልነበረችም። ኢንስፔክተር ጥሩወርቅ ከቆቦ ተነሥታ ጎብዬ አጠገብ ወዳለው መንደር ስትደርስ፣ አስከሬኑ ጋቢ ለብሶ ዛፍ ጥላ ሥር ተጋድሞ ነበር። ቁስል የለው፣ ሰንበር የለው። ጎንበስ ብላ ልብሱን አሸተተች፤ ከማሽላ የማይመጣ ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ደም ቀድቶ ለቀብር ፈቀደ።

መንደሩ ግን ፍርዱን ጨርሷል። ወይ ሰው! ሬሳ ሳይቀብር ገዳይ ያወጣል።

በዚህ አገር ማሽላ በጉድጓድ ይቀበራል። የታመቀው አየር ሰው ስለሚገድል፣ ጉድጓድ ሲከፈት አስቀድሞ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል፤ ከጠፋ ማንም አይገባም፣ ከበራ ይገባል። የዚያን ቀን ኩራዙን ያወረደው የሟቹ ታናሽ ወንድም ሸረፈዲን ነው። ወንድማማቾቹ በአባታቸው መሬት ተኳርፈው የታረቁት በቅርቡ ነበርና፣ «ኩራዙ ጠፍቶ ሳለ በርቷል ብሎ አስገባው» ተባለ። ከሁሉ አብልጦ ይህን የሚለው ቆቦ ጋራዥ የሚሠራው የሟቹ አንድያ ልጅ መህዲ ነው።

«እናንተ ካልወሰዳችሁት ሐዘኑ ሳይነሣ እኔው እገድለዋለሁ። ወላሂ!» አለ። የእናቱ ወንድም ልጆችም አብረውት ማሉ።

ሸረፈዲን ከበረቱ ጥግ ተቀምጦ ያስለዋል።

«በርቶ ነው የወጣው! የእናቴን ልጅ እኔ ልግደል?»

«ሳሉ መቼ ጀመረዎት፣ አያ ሸረፈዲን?»

«ኩራዙን ሳወጣ። ጭሱ ጉሮሮዬን ላጠኝ። የላምባ ጭስ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።»

ጎረቤቱ እሸቴ ወደ ማሳ በሚጠለፍ የጎርፍ ውኃ ተጣልቶ ከሸረፈዲን ጋር ሰላምታ እንኳ የለውም። የጉድጓዱን መክደኛ ድንጋይ ለማንሣት ዒምራን ጠርቶት እዚያው ነበር።

«ለሸረፈዲን ጥብቅና አልቆምም፤ ውኃዬን የቀማኝ ሰው ነው» አለ። «ግን ምን ያደርጋል፣ እግዜር ያያል። ኩራዙ በርቶ ነበር። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ ጋሽ እሸቴ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«ዒምራን ሲወርድ ምን አለ?»

«‹አልሐምዱ ሊላህ፣ ዘንድሮ ነቀዙ ሁሉ ሞቷል!› ብሎ ሳቀ። ከዚያ እንደ ሰካራም ምላሱ ተሳሰረ። እንደ ጎነበሰ ቀረ።» እሸቴ ፊቱን አዞረ። ደግ ጎረቤቱ ነበር።

የሟቹ ሚስት ዘሊካ ድምፅዋ በልቅሶ ተዘግቷል።

«አምና ነቀዝ ግማሹን በላብን። መህዲ መድኃኒት እናድርግበት ቢል፣ አባቱ ‹እህል ላይ መርዝ አይነሰነስም› ብሎ ተቆጣው። ዘንድሮ ማሽላውን ስንቀብርም መጥቶ አግዞናል፤ የጉድጓዱን አፍ በጭቃ የመረገው እሱ ነው።»

ጥሩወርቅ የመህዲን እጅ አየች። የመካኒክ እጅ ሆኖ የዘይት እድፍ የለበትም፤ ነጥቷል፣ ተሰነጣጥቋል።

«እጅህን የምትታጠበው በቤንዚን ነው?»

«ቤንዚንማ እሳት ይይዛል። ጋራዥ ያለው ማጠቢያ አይነድም። ቅባቱን ሙልጭ አድርጎ ወዲያው ተኖ ይጠፋል። ምን አገናኘው?»

ወደ ቆቦ ተመለሰች። ጋራዡ ሄዳ በማጠቢያው ዕቃ ላይ የተጻፈውን አነበበች። ባለቤቱ ሠራተኞቹ ቤት ውስጥ እንዳይከፍቱት ይከለክል ኖሯል፤ ለምን እንደሆነ ግን ነግሯቸው አያውቅም።

ከቀብር በኋላ አራቱን፣ ሸረፈዲንን፣ እሸቴን፣ ዘሊካንና መህዲን፣ ቤት ውስጥ ሰበሰበች።

«ኩራዙ በርቶ ነበር» አለች። «ለአያ ሸረፈዲን የማይዋሽለት ሰው መስክሯል። ስለዚህ የገደለው የምታውቁት የጉድጓድ አየር አይደለም። ሟቹ ሳቀ፣ ምላሱ ተሳሰረ፤ ይህ የሚያደነዝዝ ነገር የሳበ ሰው ምልክት ነው። ነቀዙም በዚያው ሞቷል። ትራይክሎሮኢትሊን የሚባል የብረት ቅባት ማጠቢያ አለ። ሽታው ጣፈጥ ይላል። እንፋሎቱ ሰው በሚገድል መጠን እንኳ ኩራዝ ላያጠፋ ይችላል፤ በነበልባል ሲያልፍ ግን ጉሮሮ የሚልጥ መርዝ ይወጣዋል። አያ ሸረፈዲን የሚያስላቸው ለዚህ ነው። ከአየር ስለሚከብድም ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ይተኛል። ሲበዛ ልብ ያቆማል። በየቀኑ የሚነካውን ሰው ደግሞ ቆዳውን ያደርቃል፣ ጉበቱን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። ማሽላውን ማንም እንዳይቀምስ።»

ሁሉም ወደ መህዲ ዞሩ።

«ጋራዥ የማጠቢያው ገንዳ ላይ ያረፈ ዝንብ ሁሉ ይሞታል» አለ መህዲ፤ ድምፁ የሕፃን ሆነ። «አባቴ እንዳይቆጣ ተደብቄ ጨመርሁት። እጄ ላይ ወዲያው ይጠፋል እኮ! እማ፣ ነቀዙን ብዬ ነው እኮ!»

«እጅህን ነፋስ ያገኘዋል። ጉድጓዱን ግን ደፍነኸዋል» አለች ጥሩወርቅ። ሥራዋን ጠላችው።

ዘሊካ ልጇን በጥፊ መታችው፤ ወዲያው ደግሞ አንገቱን አቅፋ ጮኸች። አንጀት የሚበላ ጩኸት ነበር።

ሸረፈዲን ወደ ኢንስፔክተሯ ተጠጋ። «እባክዎን እኔን ይውሰዱኝ። ስሜ እንደሆነ ጠፍቷል። ይሄ ልጅ አባቱን ገደለ እየተባለ እንዴት ይኖራል?»

«አይቻልም፣ አያ ሸረፈዲን።»

መህዲ ከእናቱ እጅ ወጥቶ ወደ ውጭ ሄደ። ለቀስተኛው ዳስ ሥር ተቀምጧል፤ አብረውት የማሉት የእናቱ ወንድም ልጆችም የሸረፈዲንን መውጣት እየጠበቁ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ስሙኝ!» አለ መህዲ። «አባቴን የገደልሁት እኔ ነኝ። ሳላውቅ፣ ግን እኔ ነኝ። አጎቴን የሚነካ ካለ ከእኔ ይጀምር።»

በሩ ላይ የቆሙት ገለል አሉ። ሸረፈዲን እየሳለ ወጣና ከጎኑ ቆመ።

«ልጄ ነው» አለ።