ገጽ አርባ አንድ

በ1979 ዓ.ም. ግንቦት፣ ዐርብ ከሰዓት፣ ሲንቄ ለትምህርት ቤቱ ውድድር የጻፈችውን ድርሰት ጨርሳ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ እያነበበችው ነበር። የውድድሩ ርዕስ የደንዲ ሐይቅ ነው። ከታች ሁለት ምንጭ ጽፋለች፦ ስለ ሐይቁ የሚያወራውን የትምህርት ቤቱን ብቸኛ መጽሐፍ፣ ገጽ አርባ አንድ፣ እና ሐይቁ ዳር ከብት የሚያረቡትን አጎቷን ኦቦ ረጋሳን። ሌላው የራሷ ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ጊንጪ ቤተሰቦቿ ዘንድ በሄደች ቁጥር ሐይቁ ዳር ወጥታ፣ ውሃው ምን ያህል እንደሸሸ ችካል እየተከለች ለክታለች።

የዴስክ ጓደኛዋ ፀዳለ በትከሻዋ በኩል አየችው።

«ገጹን ለምን ጻፍሽው?»

«ከዚያ ስለወሰድኩ ነዋ።»

«አንቺ ልጅ ጤነኛ ነሽ? ኮረጅኩ ብሎ መፈረም እኮ ነው። ደግሞ አጎትሽ! ይስቁብሻል።»

«ይሳቁ።»

ፀዳለ አጠገቧ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ማሎ ሲንቄ፣ በናትሽ፣ ገጹን ብቻ ሰርዢው። ቲቸር ኩምሳ ሲያርም ገልጦ ያየዋል።»

ሲንቄ የጓደኛዋን ወረቀት ሳብ አድርጋ አነበበች። ከሁለተኛው አንቀጽ ጀምሮ ገጽ አርባ አንድ ነው፤ ነጠላ ሰረዙ እንኳ አልተነካም። የመጽሐፉ ስም ግን የለም። ኮርጆ የተገኘ ከውድድሩ እንደሚወጣ ደግሞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ተነግሯል።

ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ተቀምጠዋል። ብትሰርዘው ፀዳለ ትተርፋለች። ግን የመጽሐፉ ቃል የሲንቄ ይመስላል፤ ያ ሁሉ የለካችው ደግሞ የመጽሐፉ።

«አልሰርዘውም» አለች። «ግን ማስረከቢያው አስራ አንድ ሰዓት ነው። የመጽሐፉን በጥቅስ ምልክት ክተቺና ገጹን ጻፊ።»

«ከዚያ የኔ ምን ሊቀር? ሦስት መስመር?»

«ሐይቁን አይተሽው የለ?»

«አምና ከክፍሉ ጋር። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ የቀረ ጊዜ።»

«ጭቃው ከውሃው ምን ያህል ይርቅ ነበር?»

ፀዳለ አኮረፈች። «ባንቺ ቤት ቀልደሽ ሞተሻል» አለችና ከደብተሯ ንጹህ ወረቀት ቀደደች።

ሰኞ ቲቸር ኩምሳ መጽሐፉን ይዘው ክፍል ገቡ።

«ሲንቄ የጻፈችው ገጽ ትክክል መሆኑን ላጣራ ብዬ ገለጥኩት» አሉ። «ከስምንቱ ድርሰት አምስቱ ውስጥ አገኘሁት። ምንጩን የጻፉት ሁለት ናቸው።» ድርሰቷን እያሳዩ ወደ ሲንቄ ዞሩ። «ይሄ የመጽሐፉ፣ ይሄ የአጎትሽ። ታዲያ ያንቺ የቱ ነው?»

ሲንቄ ተነሳች።

«ስም ያልተጻፈበት ሁሉ፣ ቲቸር።»

ከኋላ የሆነ ልጅ አጨበጨበ። ቲቸር ኩምሳ የልኬቱን ሠንጠረዥ እንደገና አዩትና፣ «ሰሌዳው ላይ ጻፊልን» ብለው ጠመኔውን ሰጧት።

ሦስት ድርሰት ከውድድሩ ወጣ፤ አምስት ቀረ። ፀዳለ ጭቃ ውስጥ ከቀረው ጫማዋ ጋር ሦስተኛ ሆነች። ሲንቄ ከሃያ አስራ ዘጠኝ አግኝታ ለአውራጃው ውድድር አለፈች።