ውሃው ሲደፈርስ

ገና በተዋወቅንበት ቀን በርናት ላይ ጮህኩበት። እሱ የግድቡ መሐንዲስ ነበር፤ እኔ ደግሞ የስፔኑ ኤብሮ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት ከታችኛው አገር የመጣሁ የሩዝ ገበሬ ልጅ።

«መሬታችንን ግድባችሁ ይዞታል!» አልኩት ስለ ግድቡ በተጠራው ስብሰባ መሃል። «ባሕሩ ከፍ እያለ ነው። ወንዙ ደለል ካላመጣ የአባቴ ማሳ ይሰምጣል!»

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም!»

«እንግዲያው ምሳ ላይ ጨርሺው።»

ምሳው ወራት ፈጀ። በደለል ጀምረን በመሳሳም ጨረስን።

«የግድቡን በሮች አስከፍትልሻለሁ» አለኝ።

ግን ከግድቡ አጠገብ ያለው የላይኛው ከተማ ሰው አልፈለገም። የበርናት እናት ራሷ በግድቡ ሐይቅ ላይ ለዓሣ አጥማጆች ጀልባ ታከራያለች። በሮቹ ተከፍተው ውሃው ከደፈረሰ ማን ይመጣል? በርናት ስልኬን ማንሳት ተወ።

«እናቱን ትቶ አንቺን?» አለ አባቴ ሲስኮ። «ተይው ሲንታ። ማሳውንም እሸጠዋለሁ።»

ከዚያ አንድ የፀደይ ጠዋት፣ ማሳው በውሃ በሚሞላበት ሰሞን፣ አባቴ ከቦዩ ዳር ጮኸ።

«ውሃው ተበላሽቷል!»

መዘውሩን እያዞረ የቦዩን በር ሊዘጋ ነው። ግድቡ ከተሠራ ወዲህ የሚያውቀው የጠራ ውሃ ብቻ ነበር። ሮጥኩ።

«አባ፣ አትዝጋው!»

«አብደሻል? ጭቃ እኮ ነው!»

«መሬት ነው አባ! መሬታችን እየመጣ ነው!»

እጁ ቆመ። ከቦዩ ዘግኖ በጣቶቹ አሸው... ከዚያ መዘውሩን አብረን መለስነው። ጎረቤቶች በየቦያቸው ዳር ወጥተው ለቆሻሻ ውሃ አጨበጨቡ!

በርናት ከሰዓት በኋላ ከነእናቱ ደረሰ።

«ስልክህስ?» አልኩት።

«ቤት ለቤት እየዞርኩ የከተማውን ሰው እለምን ነበር። በየዓመቱ ለጥቂት ቀን እንዲከፈት እሺ አሉ። ሳይሳካ ባዶ ተስፋ ልስጥሽ?»

«አንዲት መልእክት ትገድልህ ነበር? ደደብ!»

«እኔም ይህንኑ ብዬዋለሁ» አለች እናቱ።

በርናት ሳቀና ወደኔ ሊመጣ ማሳው ውስጥ ገባ። እስከ ጉልበቱ ሰመጠ።

«አግቢኝ።»

«መጀመሪያ ከጭቃው ውጣ።»

«አልቻልኩም እኮ!»

እጄን ሰጠሁት። ግን አላወጣሁትም፤ እኔው ገባሁ።

አባቴ ከዳር ሆኖ የበርናትን እናት ሲጠይቃት ሰማሁ፦

«ለከርሞስ መቼ ነው የምትከፍቱልን?»