እስከ ዳር ሳቢው

ጎረቤቴ ልክነሽ በአጥር ቀዳዳ ጠራችኝና፣ «ጌጤ፣ ተከራይሽ ብቻውን ያወራል» አለችኝ።

«ምን ይላል?»

«‹ጀመረች... ተወችው። ጀመረች... ተወችው› ይላል። መስኮቱ ሥር ቆሜ በጆሮዬ ሰማሁ።»

«መስኮቱ ሥር ምን ትሠሪያለሽ?»

«ልብስ ላሰጣ።»

የልክነሽ የልብስ ገመድ ያለው በዚያኛው በኩል ነው። ግን ወሬዋ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ እኔም እውነቱን ስለማውቅ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ሲሳይ የጓሮ ክፍሌን የተከራየ፣ እዚሁ አርባ ምንጭ ኮምፒውተር የተማረ ልጅ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰው ፊት ምላሱ የሚተሳሰር። ጊዜው ሰው ሁሉ ተች ስልክ መያዝ የጀመረበት ነው። ሲቀላ ሰፈር ያለው የሙዝ ጅምላ ነጋዴ ጋሽ ባድሩ፣ «ሙዝ በስልክ የማዝበት ነገር ሥራልኝ» አለው። ሠራለት፤ አፕ ይሉታል። ባድሩ ሱቁ ተቀምጦ አንዷን መጫኛ ነካ ሲያደርግ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ላንቴ ያሉት ገበሬዎች መልእክቱ ይደርሳቸውና አንድ አይሱዙ ሙዝ ይቆርጣሉ።

ላንቴ ላይ መልእክቱን የምትቀበለው ዕድላዊት ናት፤ የኤርጫፎ ልጅ፣ የገበሬዎቹ ማኅበር ጸሐፊ። መዘምራን ውስጥ ቆማ ስትዘምር ሰባኪው ራሱ የከፈተው ገጽ ይጠፋበታል። እኔ አላጋነንኩም፤ ሄዳችሁ እዩ።

ሲሳይ አፑን ስልኳ ላይ ሊጭንላት የሄደ ቀን ሙዝ እየተጫነ ነበር። የጥሬ ሙዝ ሙጫ ደግሞ እጅ ላይ አንዴ ከተጣበቀ በሳሙናም አይለቅም። እጇ ሙጫ ስለሆነ ለሰላምታ አንጓዋን ዘረጋችለት። ሰው አንጓ ሲሰጡት ነካ አድርጎ ይለቃል አይደል? ሲሳይ ያዘው። ይዞት ቀረ።

«ወንድሜ፣ ይበቃል፤ ደኅና ነኝ» አለችው።

ጫኞቹ መኪናው ላይ ሆነው ሳቁ። እሱ ተደናግጦ የሷን ስልክ ኪሱ ከትቶ፣ የራሱን እዚያው ትቶ ባጃጅ ውስጥ ገባ። እየሮጠች ደረሰችበት።

«ስልኬን ስጠኝ፤ ልብህን ግን ነገ መጥተህ ትወስዳለህ» አለችው።

ቀልድ ነበር። እሱ ግን በነጋታው ሄደ! «አፑ ላይ የማስተካክለው ነገር አለ» ይላል። ከዚያ ወዲያ የማይስተካከል ነገር አልነበረም፤ ላንቴ መመላለስ ሆነ።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው ከባድሩ ቦርጭ ነው። ስልኩን ከፍቶ የታች ኮት ኪሱ ይከትና ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ሲል መጫኛው ይነካል። ላንቴዎች አንድ አይሱዙ ሙዝ ቆርጠው ጫኑ። አይሱዙው ሱቁ በር ላይ ሲቆም ባድሩ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ወላሂ እኔ አላዘዝኩም።»

«ቦርጭህ አዟል» አለው ሾፌሩ።

የተቆረጠ ሙዝ ደግሞ ግንዱ ላይ ተመልሶ አይቀጠልም። ያን ሳምንት ሲቀላ ሙዝ ያልበላ ፍየል የለም።

«የሚነካ ሳይሆን የሚሳብ አድርግልኝ» አለው ባድሩ። ሲሳይ ክፍሉ ውስጥ ተቀብሮ ሠራ። ሲጨርስ መጀመሪያ የሞከረው በኔ ነው።

«እማማ፣ አውራ ጣትሽን ክቧ ላይ አድርጊና ወደ ቀኝ ሳቢያት። ስትደርስ አረንጓዴ ትሆናለች። መንገድ ላይ ከለቀቅሻት ወደ ቦታዋ ትሮጣለች።»

ሳብኩ፤ ንቅንቅ አላለችም። እንሰት ስትፍቅ የኖረች ጣት ናት፤ ስልኩ እንጨት መሰለችው። በምራቄ አረጠብኳትና ደገምኩ። ግማሽ ላይ ስትደርስ አረንጓዴ ሆነች።

«ግማሽ ይበቃታል እንዴ?»

«ሰው እንዳይሰለች ብዬ ነው።»

ያችው ግማሽ ጉድ ሠራችው። ባድሩ የስልኩን መስታወት በሸሚዙ ጫፍ ወልወል ሲያደርግ፣ ሌላ አይሱዙ መጣ። ሾፌሩም ያው ነበር።

«ዛሬስ ምንህ ነው ያዘዘው?»

ሲሳይ ተናደደና አጠበቃት። አሁን ከዳር እስከ ዳር ጣት ሳይነሳ ካልተሳበ አይሆንም፤ አንዲት ጸጉር ብትቀር ወደ ኋላ ትሮጣለች። አዲሱን በየሰዉ ስልክ ላከ። ዕድላዊት ስልክ ላይ ግን ሌላ ነገር ጨመረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዕድላዊት የምዕራብ ዓባያ ባለወፍጮ እሑድ ሽማግሌ ሊልክባት ነበር። ይሄንን ወሬ ለሲሳይ የነገርኩት እኔ ነኝ። ምሳውን ትቶ ተነሣ።

«እማማ፣ ዛሬውኑ ልጠይቃት።»

«ሂድና ጠይቃታ። አፍ የለህም?»

«እሷ ፊት ስቆም አፌ አይከፈትም። በማውቀው ነው የምጠይቃት።»

ስልኳ ላይ ምን ብሎ እንደጻፈ አንብቦልኛል። «ዕድላዊት፣ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ? እሺ ካልሽ እስከ ዳር ሳቢው።» ከሥሩ ያቺ ክብ አለች። እምቢ ካለች ዝም ማለት ነው፤ ማንም አያፍርም። እውነት ለመናገር ወደድኩለት።

ታዲያ እሱ ኮምፒውተሩ ላይ የምታደርገውን ሁሉ ያያል። መሳብ ጀመረች። ተመለሰች። ደግማ ጀመረች። ተመለሰች። ልክነሽ መስኮት ሥር የሰማችው ይሄንን ነው።

ክፍሉ ስገባ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ይከታል።

«ወዴት ነው?»

«ሐዋሳ፤ ሥራ አለ ብለውኛል። እማማ፣ እሺ ልትል ትጀምርና ባለወፍጮው ትዝ ሲላት ትተወዋለች። ልቧ ሁለት ቦታ ነው። እንዲህ ከምታመነታ እምቢ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር...»

አሳዘነኝ። ግን ሴት ልጅ ሐሳቧን አንዴ ትቀይራለች፣ ሁለቴ ትቀይራለች፤ ቀኑን ሙሉ ስትቀያይር አትውልም። ሙዝ ልገዛ ነው ብዬ ላንቴ ወረድኩ።

ዕድላዊት ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ከስሏል።

«እማማ ጌጤ፣ ለዚያ ተከራይሽ ንገሪው። ሰው ላይ መቀለድ ነውር ነው።»

«ምን አደረገሽ?»

«‹እሺ ካልሽ ሳቢው› ይላል። ስስበው እየሮጠ ይመለስብኛል። ስስበው ይመለስብኛል። ጓደኞቹን ሰብስቦ እየሳቀብኝ ነው አይደል? ‹እዩዋት፣ እንዴት እንደቸኮለች› እያለ።»

«ቸኩለሽ ነበር?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ካነበብኩት ጀምሮ ሌላ ሥራ አልሠራሁም።»

«አንቺ ልጅ፣ አምጪው እስቲ።»

ጣቴን አረጠብኩና ሳብኩ። ደኅና ሄደችልኝ፤ ዳር ልትደርስ ስትል ቀጥ አለች፤ ከዚያ ተመልሳ ሮጠች። ደገምኩ፤ እዚያው ቦታ ላይ። ስልኩን ወደ ብርሃን አዞርኩት። በቀኝ በኩል ከላይ እስከ ታች ስንጥቅ አለ።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

«ከጋሪ ላይ ወድቆ ነው፤ ቆይቷል። ከስንጥቁ ወዲያ ያለው አይሰማም፤ ግን አስቸግሮኝ አያውቅም።»

እንዴት ያስቸግራታል? ድሮ ግማሽ ይበቃ ነበር። አሁን እስከ ዳር ብሎ አጥብቆታል፤ የሷ ስልክ ደግሞ ዳር የለውም። ሳቄ አላስወራ አለኝ። እሷ ምን እንደሚያስቀኝ አልገባትም፤ ሲሳይ ደግሞ ሻንጣ እያሰረ ነው። ለሱ ደወልኩ።

«ሻንጣውን ተወውና ላንቴ ና።»

«እማማ፣ ምን ብዬ ነው ፊቷ የምቆመው?»

«አትቆም። ተቀምጠህ ታወራለህ።»

መጣ። እንደመጣ ስልኳን አየ፣ ስንጥቁን አየ፣ ጉንጩ ቀላ። ኮምፒውተሩን ከቦርሳው መዥረጥ አደረገ።

«አስተካክለዋለሁ። ወደ ግማሽ እመልሰዋለሁ። አሁኑኑ... ትንሽ ደቂቃ...»

«ተወው» አለችው።

«ግማሽ ላይ እንዲቆም ባደርገው—»

«ግማሽ አልፈልግም። አንተ ስልክ ላይስ የለም?»

«አለ። ስሞክረው የነበረ...»

«አምጣ።»

ሰጣት። እሷ ሙጫ የጠቆረባትን አውራ ጣቷን ክቧ ላይ አሳረፈችና ቀስ እያለች ሳበች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ጣቷን ሳታነሣ ቆመች። ቀና ብላ አየችው።

«ባለወፍጮው ደግሞ ጥሩ ሰው ነው ይላሉ።»

ሲሳይ ኮምፒውተሩን ግጥም አድርጎ ዘጋ።

«ሁለት ወፍጮ አለው አሉ።»

«ዕድላዊት... እባክሽ...»

«አፍህ ይከፈታል እንዴ? እስቲ በአፍህ በለኝ።»

«እወድሻለሁ። አንጓሽን ከያዝኩ ቀን ጀምሮ።»

«ይኸው፤ ቀላል ነበር» አለችውና እስከ ዳር ሳበችው። አረንጓዴ ሆነ። ልጁ አለቀሰ፤ እኔ ሙዜን አንሥቼ ዞር አልኩ። ሩቅ አልሄድኩም ግን፤ ከመጋዘኑ ጥግ ሁሉ ነገር ይሰማል።

ቅዳሜ፣ ባለወፍጮው ሳይቀድመን፣ ኤርጫፎ ቤት ሽማግሌ ሄደ። ጋሽ ባድሩ፣ የልክነሽ ባል ጋሻዬ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ። እኔና ልክነሽ አልተጠራንም፤ ሄድን። ባድሩ ነገሩን ለስለስ አድርጎ ጀመረ፤ ስለ ልጁ ጠባይ፣ ስለ ሥራው። ኤርጫፎ ግን ወሬው ቀድሞ ደርሶት ኖሮ ፊቱን አኮሳትሯል። ማን እንደነገረው እኔን አትጠይቁኝ።

«እኔ አባቷ ሳልጠየቅ እሺ ብላለች አሉ። በስልክ!»

ዕድላዊት ከጓዳ ወጥታ ቆመች።

«ልጄ፣ እሺ ያልሽው አንቺ ነሽ ወይስ ስልኩ ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ። ስልኩማ ቀኑን ሙሉ እምቢ ሲል ዋለ።»

ኤርጫፎ ባድሩን ዞሮ አየው።

«ይሄ ያንተ አይሱዙ ሁለቴ በስህተት መጥቷል፤ ሦስተኛውን በትክክል ይምጣ። ለሠርጉ ዕቃ ይጭናል።»

«በጀ፣ በኔ» አለ ባድሩ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ።

አገልጋዩ ጸለየ፣ አሜን ተባለ። ሠርጉም ሆነ፤ ዕድላዊት አሁን የሴት ልጅ እናት ናት። ጋሻዬ ግን የዚያን ቀን ነገሩን በአሜን ቢያበቃ ምን ነበረበት? ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ።

«የዛሬ ልጆች ግን... ሴት ልጅ እሺ ትበል አትበል እየተባለ መጫኛ ይሠራል። በኛ ጊዜ ሴት ማን ጠይቆ ያውቃል? ይኸው ተጋብተን ኖርን፤ ምን ጎደለን?»

ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባድሩ እንኳ «እውነት ነው» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር።

ልክነሽ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አንተ ምን ይጎድልሃል፣ ጋሻዬ። እኔን ያን ጊዜ ጠይቀውኝ ቢሆን፣ ጣቴን ክቧ ላይም አላሳርፍም ነበር።»