ላስቲኩን ማን ዘጋው?

መሐንዲስ ቲሆሚር ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ በጀርባው ተዘርሯል። ከበላዩ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ አሮጌው መስታወት ወልቆ አዲሱ ባልገባበት ክፍተት ላስቲክ ይርገበገባል።

ኢንስፔክተር ቩኮማን ደረጃውን እያረፈ ወጣ። እሱ ገና ጡረታ አልወጣም፤ ጉልበቱ ግን ቀድሞት ወጥቷል። ላስቲኩ ከውስጥ ወደ ታች ተስቦ ጫፉ ታጥፎ በአንድ የወንበር እግር ተይዟል። አየውና ወረደ።

መስታወት ገጣሚው ሉቢሻ እጁ በካቴና ታስሯል።

«ክፍተቱ ላይ የነበረውን መከላከያ ብረት ያነሳኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ፤ አዲሱ መስታወት እንዲገባ። ከዚያ ምሳ ሄድኩ። በዚህ ከታሰርኩ ልጆቼን ማን ያበላቸዋል?»

«ላስቲኩስ?»

«ወደ ላይ ጠቅልዬው ነው የሄድኩት። እኛ ነፋስ ላይ ነው የምንውለው።»

ዘበኛው ጎይኮ ጣልቃ ገባ። «እውነቱን ነው። መሐንዲሱ ክፍተቱ ላይ ቆሞ ወንዙን ሲያይ ከታች አይቼዋለሁ። ዞር ከማለቴ ዱብ አለ። ከዚያ ወዲህ ከሬሳው አጠገብ አልተነሳሁም።»

የሙዚየሙ ኃላፊ ወይዘሮ ዴሳንካ ወፍራም ሻርፕ ጠምጥመዋል።

«ይህ መስታወት ገጣሚ በቸልተኝነቱ ሰው ገደለ። እኔ ከቢሮዬ አልወጣሁም። ቤቱን የነደፈው አባቴ ነው፤ መስታወቱ እንደ ውሃ የሳሳ። ቲሆሚር እንደ ግንብ የወፈረ ሊያለብሰው ነበር። ነፍሱን ይማረው።»

ቩኮማን ሦስቱንም ፎቁ ላይ ሰበሰባቸው። ወንበሩን አንስቶ ላስቲኩን ጠቀለለው። የሳቫ ወንዝ ነፋስ እያፏጨ ገባ።

«ሰውየው ሲወድቅ ይህ ክፍት ነበር። እኔ ስመጣ ተዘግቷል። የወደቀ ሰው ኋላውን አይዘጋም። ማን ዘጋው?»

ቩኮማን ክፍተቱን ሳይዘጋ ጠበቀ። ጎይኮ ኮሌታውን አቆመ።

«ኧረ በፈጣሪ፣ ነፋስ ይመታናል!» ዴሳንካ ወደ ክፍተቱ ፈጠን አሉ። ላስቲኩን ወደ ታች ሳቡ፤ ጫፉን አጥፈው የወንበሩን አንድ እግር እጥፉ ላይ አሳረፉ። ከዚያ እጃቸው ወንበሩ ላይ ቀረ።

«ልክ እንደዚህ ነበር» አለ ቩኮማን በድካም። «አንድ እግሩ እጥፉ ላይ። እኛ ሰዎች ሰው ገድለንም ቢሆን ነፋስ እንዘጋለን።»

ዴሳንካ ተቀመጡ። «‹አባትሽ የሠራው ቤት አይደለም፣ ፍሪጅ ነው› ብሎ ሳቀ። ገፋሁት።» ሻርፓቸው ተፈትቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። «ደግሞ እኮ እውነቱን ነው። ልጅ ሆኜ እዚህ ሁልጊዜ ይበርደኝ ነበር።»

ቩኮማን የሉቢሻን ካቴና አስፈታ። «አንተ ደግሞ ብረቱን ቦታው መልስ።»

ከዚያ የዴሳንካን ሻርፕ ከወለሉ አንስቶ አቀበላቸው።

«አንገትዎን ይሸፍኑ። ውጭ ነፋስ ነው።»