በናናው መደብ ላይ የተገኘው ብርጭቆ

አፈር የሚለካው ሠራተኛ ሳሊሕ በናናው መደብ ላይ ሞቶ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። አጠገቡ አፈር የተበጠበጠበት ብርጭቆ አለ፤ የአፈሩን አሲድነት በቁጥር የሚያሳየው መለኪያም ውስጡ እንደቆመ ነው።

ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ትንሽ እርሻ ሦስት ሠራተኞች ቀሯት። መደቡን የሚያጠጣው ሐሚድ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም፤ የእርሻው ባለቤት አማርም ጣቱን ወዲያው በእሱ ላይ ቀሰረ። ለአብዱልወሃብ ፖሊስ እስኪደርስ ብቻ ጊዜ ሰጣቸው። እሳቸው ድሮ የደሴ ፖሊስ መርማሪ ነበሩ፤ ሐሚድ ደግሞ ደውሎ የጠራቸው የእህታቸው ልጅ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእሳቸው ግን ማደሪያ ጊዜ አልነበራቸውም።

«ወላሂ አጎቴ፣ አልነካሁትም!»

«መሐላውን ተወው፤ ብርጭቆውን ማን ነካ?»

«ስናገኘው እንደዚሁ ነው፤ ማንም አልነካውም።»

ወደ ምግብ አብሳይዋ ወደ ነጂባ ዞሩ። «ሳሊሕ አፈሩን በምን ነበር የሚበጠብጠው?»

«በዘምዘም ነዋ! ከመካ የማመጣለት እኔ። በረካ አለው ብሎ በሌላ ውሃ ለክቶ አያውቅም። ጀሪካኑ ይኸው፣ ሙሉ ነው።»

«መለኪያው የሚያሳየው ቁጥርስ?»

«ሁሌ ከስምንት በላይ። ‹ኢብሮ በማዳበሪያ አፈሩን ገደለው› እያለ ለከፊሉ፣ ለአሠሪያችን ለአማር፣ ይነግር ነበር።»

ማዳበሪያ የሚበትነው ኢብሮ ቱግ አለ። «እኔ ጅዳ፣ አል-ባላድ ሰፈር ነበርኩ! መለኪያውንም ነክቼው አላውቅም። ቁጥሩን ከፍ የሚያደርገው ራሱ ዘምዘሙ ነው፣ በተጣራ የባትሪ ውሃ ለካ ብዬ ስንቴ ነገርኩት! ካፊር አለኝ።»

አብዱልወሃብ ጎንበስ ብለው የሟቹን ጫማ ገለበጡት፤ ሶሉ ላይ ነጭ የማዳበሪያ ፍሬ ተጣብቋል። በመደቡ ላይ ግን አንድም ፍሬ የለም፤ ማዳበሪያው ያለው መጋዘን ውስጥ ብቻ ነው።

ጥቂት ቆይተው ሁሉንም ሰበሰቡ።

«መለኪያው ሰባት ተኩል ይላል። ከዚሁ አፈር ወስጄ በዘምዘም በጠበጥኩ፤ ስምንትን አለፈ። በባትሪ ውሃ በጠበጥኩ፤ ሰባት ተኩል። እንግዲህ ይህን የበጠበጠው ሳሊሕ አይደለም። የሞተው ማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ጫማው ይመሰክራል። ሲለካ የሞተ እንዲመስል ጎትተው እዚህ ጣሉት፤ ሐሚድ ላይ እንዲላከክ። ሐሚድ ወይም ነጂባ ቢሆኑ፣ ሲያዩት የኖሩትን ዘምዘም ባነሱ ነበር። በዘምዘም መለካት እጁን እምቢ የሚለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ኢብሮን አዩት።

«ትናንት ከፊሉ ኢቃማህን አላድስም አለኝ፤ በዚያ በተሳሳተ ቁጥር! አፈሩ ደህና ነበር። እኔ እኮ ልክ ነበርኩ!»

«ልክ ነበርክ፣ ልጄ» አሉ አብዱልወሃብ በሐዘን። «ያስያዘህም ልክ መለካትህ ነው።»

ሐሚድ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።