የዶርዬ ጣቃ

«ስሚ፣ እንጨቶቹን እንቀያይራቸው» አለች ናንሄ፣ ከንፈሯን እምብዛም ሳታንቀሳቅስ።

ዶርዬ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። ወሩን ሙሉ የሸመነችውን ጣቃ ጠቅልላ፣ ስሟ የተጻፈበትን ትንሽ እንጨት በክር ልታስርበት ነበር። የሶራቦል ከተማ ልጃገረዶች በሁለት ጎራ ተከፍለው በዚህ ግቢ ሲሸምኑ ከርመዋል፤ ዛሬ ልኬት ነው። የተሸነፈው ጎራ አብስሎ ያበላል፣ ዘፍኖም ያዝናናል። ከሁሉም የበለጠው ጣቃ ደግሞ ከነሸማኔዋ ስም የከተማዋ ጠባቂ ለምትባለው አምላክ፣ ለተራራዋ እናት፣ ይቀርባል።

«የምን መቀያየር?»

«ያንቺ በኔ ስም፣ የኔ ባንቺ። አማቴ ልትሆን ያለችው ሴትዮ ከዳኞቹ መሃል ተቀምጣለች። ይቺን ወንፊቴን ካየች አለቀልኝ!»

እውነቷን ነው። የናንሄ ጣቃ አጭር ነው፤ ድሩም እዚህም እዚያም ላልቷል። የተወለደችው ከንጉሡ ዘመዶች ቀጥሎ ያለ ማዕረግ ካለው ቤት ስለሆነ ክር የሚያቀርቡላት ሦስት ገረዶች አሏት። የዶርዬ ቤት ማዕረግ የለውም። ዶርዬ አሁን የጠቀለለችውን ዓይነት ቀጭን ጨርቅ መሸመን ትችላለች እንጂ መልበስ በሕግ ተከልክላለች።

«ኧረ አታካብጂ። ለአንድ ጣቃ ተብሎ ትዳር ይፈርሳል?»

«እነሱ ዘንድ ይፈርሳል! ሴት ልጅ በምኗ ትለካለች? በእጇ ነው።» ናንሄ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ወንድምሽን አስለቅቃለሁ። የግንቡ ሥራ አዛዥ አባቴ አይደል?»

የዶርዬ እጅ ክሩ ላይ ቆመ። ወንድሟ ሙሶክ ለንጉሡ ግንብ ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ ሲወጣ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። የወሰዱት ግን ለአንድ ዓመት ብለው ነበር። ባለፈው ክረምት አብሮት የሄደ የጎረቤት ልጅ ድንጋይ ተንዶበት ሬሳው መጣ። ከዚያ ወዲህ እናቷ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች።

«የተራራዋ እናትስ? በሐሰት ስም ያቀረበች እጇ ይደርቃል ይባላል።»

«እሷን እኔም እፈራለሁ» አለች ናንሄ። «አማቴን ግን ይብስ እፈራለሁ።»

ዶርዬ ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ ከፋት። የእሷ ቢጤ ሰው ስም በአደባባይ የሚጠራው በዚህች ቀን ብቻ ነው። እንዲጠራላት በጣም ፈልጋ ነበር፤ ወንድሟ እዚያ እያለ ይህን መፈለጓ ደግሞ አሳፈራት።

«መጀመሪያ ልቀቁት የሚለውን ትእዛዝ የያዘ ፈረሰኛ ይውጣ» አለች ዶርዬ።

«አታምኚኝም እንዴ?»

«አምንሻለሁ። ፈረሰኛው ይውጣ።»

ናንሄ ፊቷ ቀላ። ከእጅጌዋ ውስጥ አስቀድማ ያዘጋጀችውን፣ የአባቷ ማኅተም ያለበትን ትእዛዝ አውጥታ በር ላይ ለቆመው አሽከር ሰጠችው። አሽከሩ ፈረሱ ላይ ወጥቶ ሲሄድ ዶርዬ በዓይኗ ተከተለችው። ከዚያ የናንሄን እንጨት በራሷ ጣቃ ላይ አሰረች።

ልኬቱ ብዙ አልቆየም። ዶርዬን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ሽመና ያስተማረቻት እመት ቡንሬ የናንሄ ስም ያለበትን ጣቃ ስትዘረጋ ዳኞቹ ተንሾካሾኩ፤ አማትየዋም ፈገግ አለች። አሮጊቷ ግን የጨርቁን ጠርዝ በጣቷ ደጋግማ ዳሰሰች። ቀጥሎ ያን አጭሩን አነሳች። እንጨቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ዶርዬ፣ ይሄ ያንቺ ነው?»

«ሩዝ ያጥልሉበት!» አለች አንዷ ከኋላ፤ ግቢው ሳቀ።

እመት ቡንሬ ተጠጋቻት። «ልጄ፣ እጅሽን አላውቀውም ብለሽ ነው?» አለቻት በሹክሹክታ። «አሁን ተናገሪ፣ አስተካክለዋለሁ። ስምሽ ይጠራል። ካለፈ በኋላ ግን እኔም ምንም አላደርግልሽም።»

ፈረሰኛው ገና ወንዙን አልተሻገረም፤ ሰው ከተላከበት ይመለሳል። ናንሄ ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛ ወደ መሬት ታያለች።

«የኔ ነው» አለች ዶርዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ወሩን ሙሉ ስሰንፍ ነው የከረምኩት፣ እመት።»

ከዚያም ማንም ሳያዛት፣ ጣቃቸው ተንቆ ወደ ጥግ ከተለዩት ልጆች ጎን ሄዳ ቆመች።