የቦራ እንገር

«ጥጃዋ በተወለደች በስንት ሰዓቷ እንገር ጠጣች?» የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ነገሪ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እንዳስጠጋ ጠየቀ።

«ወዲያው ነዋ» አለች ለተገብርኤል። «እኔ አልቤ ሥራ ገባሁ። ጥጃዋ ደክሟት መጥባት ስላቃታት ልጄ በጡጦ አጠጣቻት። አይደል መርሃዊት?»

«አዎ» አለች መርሃዊት፤ ድምፅዋ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም።

ዶክተሩ ‹አዎ› የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

ከቄራ ጀርባ ያለው ግቢያቸው ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ቤቱ፣ በሌላው የላማቸው የቦራ በረት። በሩ ላይ ደግሞ የዶክተሩ ሞተር ብስክሌት ተገትሯል። ጥጃዋ ጆንያ ላይ ተጋድማ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ገና የአራት ቀን ልጅ ናት።

በተወለደችበት ማክሰኞ ጠዋት መርሃዊት የሒሳብ ፈተና ነበረባት። የጎረቤት ልጅ ጃለኔ ልትጠራት መጥታ እንገሩን አየች። «አንቺ፣ ይሄ እኮ በስኳር ያሳብዳል» አለች። ላም ከወለደች እንገር ሳይቀምስ የሚቀር ጎረቤት መቼም የለም። መርሃዊትም «ትንሽ ብቻ» ብላ ጣደችው። እንደ አይብ ረጋ። ትንሽ የተባለው እየተጨለፈ አለቀ፤ ለጥጃዋ ጠብታ አልተረፈም። ማታ እናቷ ስትጠይቃት «ጠጥታለች» አለች። በቃ፣ ቃሏ ይቺው ነበረች።

«ትናንት የወሰድኩት ደም ውጤቱ ደርሷል» አለ ዶክተሩ። «የብግነት ምልክቱ በጣም ከፍ ብሏል። ማለቴ፣ ሰውነቷ ከኢንፌክሽን ጋር እየታገለ ነው። የገረመኝ ግን ከእንገሩ ማግኘት የነበረባት መከላከያ ደሟ ውስጥ የለም። በሰዓቱ ጠጥታ ከሆነ እንግዲህ ችግሩ ከእናትየው ነው። እንገሯ ጉልበት የለውም ማለት ነው።»

«የሚቀጥለውም ጥጃ እንዲህ ይሆንብኛል?»

«ሊሆን ይችላል።»

ለተገብርኤል ስልኳን ከኪሷ አወጣች። «ለኑሪ ልደውል» አለች። ኑሪ ሥጋ ቤት ያለው ሰውዬ ነው። «ቦራን ዛሬውኑ ይውሰዳት። ልጇን የማታሳድግ ላም ምን ላድርጋት?»

ቦራ ወደዚህ ግቢ የመጣችው መርሃዊት ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው፤ ያኔ ቦራም ጥጃ ነበረች። አሁን በእሷ ሆዳምነት ልትታረድ ነው። ደግሞ እናቷ ለሰፈሩ ሁሉ «የእኔ ልጅ ውሸት አታውቅም» ስትል ነው የኖረችው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ጥጃዋን ልታይ የመጣችው ጃለኔ ከጀርባዋ ቆማ ጆሮዋ ላይ አንሾካሾከች። «ዝም በይ ባክሽ። ዝም አይነቅዝም።»

ቦራ አንገቷን በበረቱ እንጨት አሾልካ የመርሃዊትን እጅጌ ላሰች።

«ሀሎ ኑሪ፣ እንደምን አለህ» አለች እናቷ።

መርሃዊት ክንዷን ያዘቻት። «እማዬ፣ ዝጊው።»

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ዝጊው በናትሽ።»

እናቷ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። ጃለኔ መሬት መሬት ታያለች። መርሃዊት እናቷን ማየት ስላልቻለች ወደ ዶክተሩ ዞረች።

«ዶክተር፣ ያቺን ‹አዎ› ይሰርዟት» አለች። «አልጠጣችም። እኔ ነኝ የበላሁት።»